ኀምሳ ቃል ከተባለ ኀምሳ ቃል ነው

በዚህ ሰሞን በየመኝታ ክፍላችን አንድ አዲስ ሥራ ተይዟል። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት፥ አለዚያም የጎረቤት ልጅ ያለው ተማሪ ሁሉ የእንግሊዝኛ ቃል ሲቆጥር ያመሻል። ልጆቹ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ነጻ የትምህርት ዕድል ፍለጋ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ያመለክታሉ፤ ማመልከቻው ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የቃል ወሰን አለው። እኛም ዩኒቨርስቲ ስለ ገባን ያውቃሉ ተብለን አራሚዎች ሆነናል። ዳሩ ግን ከምናርመው የምናበላሸው ሳይበልጥ አይቀርም ብለን ስለምናምን ይህን ሐተታ ለማቅረብ ተነሣን።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ወሰኑን እንግለጥ። ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻ ለዋናው ድርሰት የሚፈቅደው 650 ቃል ነው፤ ሳጥኑ ከዚያ በላይ አይቀበልም። ከትምህርት ውጭ ለተሠራ ለያንዳንዱ ሥራ መግለጫ የተተወው ቦታ ግን 150 ፊደል ብቻ ሲሆን፥ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ እንኳ ይቆጠራል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ከ8 ጥያቄዎች 4 አስመርጦ ለያንዳንዱ 350 ቃል ይሰጣል። ስታንፎርድ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ለአምስት አጫጭር ጥያቄዎች 50፥ 50 ቃል ፈቀደ፤ ዬል በዚያው ዓመት ለአንዳንዶቹ ጥያቄዎች እስከ 35 ቃል ድረስ ወረደ።

«የሰው ኑሮ በ35 ቃል ይገለጣል ወይ? ይህስ የፈረንጅ ችኮላ ነው» እያሉ የሚቆጡ ጓደኞች አሉን። ቁጣቸው ከንቱ አይደለም። በተለይ እኛን የሚጎዳ ነገር አለበት። «አላስመጣቻቸውም» ብሎ በአንድ ቃል የሚናገር ልጅ፥ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ስድስት ቃል ያወጣል። ስለዚህ በአማርኛ አስቦ የሚተረጉም አመልካች ገና ነገሩን ሳይጀምር ገንዘቡ ያለቀበት ገበያተኛ ይመስላል። ይህን እንቀበላለን።

ነገር ግን ችኮላ የፈረንጅ ብቻ ነው የሚለውን አንቀበልም። የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን የሚያስጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው ኋላ ነው። በሁለት ቤት ሰሙንም ወርቁንም ማስገባት ያቃተው ልጅ ሦስተኛ ቤት ይጨመርልኝ ብሎ መምህሩን አይለምንም፤ ቢለምንም ምን እንደሚባል እናውቃለን። ታዲያ ማስረዘሙን ከየት አመጣነው? በበኩላችን ከትምህርት ቤትና ከጽሕፈት ቤት ነው እንላለን። በትምህርት ቤት ጥያቄውን መልሰን ሳንደግም መልስ እንዳንጀምር ተምረናል። በጽሕፈት ቤት ደግሞ «ከላይ በርእሱ ለመግለጥ እንደተሞከረው» ያላለ ማመልከቻ፥ ማመልከቻ አይመስለንም። (በርእሱ ከተገለጠ ለምን ይደገማል?) ይህ ልማድ በእንግሊዝኛ ሲገባ ከ50 ቃል ውስጥ ሃያውን ይበላል።

አሁን ወደ በደላችን እንምጣ። ከእኛ መካከል የአንዱ እኅት በዚህ ዓመት ታመለክታለች። ጥያቄው ኅብረተሰብን ከገጠሙት ችግሮች ዋናው የትኛው ነው የሚል ነበር፤ ወሰኑም 50 ቃል። ልጅቱ 140 ቃል ጽፋ አመጣች። በመጀመሪያ ውሃ የሕይወት መሠረት መሆኑን፥ ቀጥሎም የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ በወንዝ ዳር መስፈሩን ትናገራለች። ወደ መጨረሻው ግን በሰፈራቸው ቧንቧው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ እንደሚመጣ፥ እናቷ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንደምትቀሰቅሳት፥ አሥራ ሁለቱን ጀሪካን ለመጠጥ፥ ለወጥ፥ ለልብስ ብላ የምታከፋፍለው እርሷ መሆኗን፥ ፈተና በሚሆንበት ሳምንት የልብሱን ድርሻ ቀንሳ እንቅልፍ እንደምትገዛበት ጽፋ ነበር።

እኛ ሦስት የአርትስ ፋኩልቲ ምሁራን ተቀምጠን ምን አደረግን? ጀሪካኑን ቈረጥነው! የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፥ ለዩኒቨርስቲ አይመጥንም አልን። የሕይወትን መሠረት አስቀረን፤ አንድ «ዘላቂ ልማት»ም ጨመርንበት። ልክ 50 ቃል ሲሞላ እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ልጅቱ አንብባ፥ «እንግሊዝኛው ያምራል፤ ግን ይህን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ» አለችን።

ስለዚህ ወሰኑን ማክበር ማለት ቆጥሮ መጣል ብቻ አለመሆኑን በኀፍረት ተምረናል። ከስታንፎርድ ደጅ በዓመት ከ50,000 በላይ አመልካች ይቆማል፤ አንባቢው ስለ ወንዝ ዳር ሥልጣኔ ከእኛ ልጅ መማር አይሻም። ስለ አሥራ ሁለቱ ጀሪካን ግን ከእርሷ በቀር የሚነግረው የለም። ገንዘብ ያለው አማካሪ ይቀጥራል፤ ዛሬማ ማሽኑም በአንድ አፍታ 50 ቃል ቆጥሮ ያቀርባል፤ እነርሱም ቢሆኑ የሚያቀርቡት ያንኑ የሕይወት መሠረት ነው። እንዲያውም አጭሩ ወሰን ለድኻው ልጅ ሳይሻል አይቀርም እንላለን፤ በተገዛ ቋንቋ የሚያጌጥበት ቦታ ለሀብታሙም የለምና።

ወሰኑን በብልሃት እናልፋለን የሚሉም አሉ። ሁለት ቃል በሰረዝ አያይዘው አንድ ያስመስላሉ፤ የተረፈውን «ተጨማሪ መረጃ» በሚለው ሳጥን ያጭቃሉ። ያም ሳጥን በ2025 (እ.ኤ.አ.) ከ650 ቃል ወደ 300 ወርዷል። ቦታው በማመልከቻው ሌላ ክፍል ላልተገለጠ ጉዳይ የተተወ ነው፤ የድርሰት ትርፍ ማራገፊያ አይደለም።

ልጅቱ ወረቀቷን ከእኛ ተቀብላ ብቻዋን አስተካከለችው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀመረች፤ ወንዙም፥ የሰው ልጅም፥ የኛ ዘላቂ ልማትም ወጡ። ስንቆጥረው 49 ሆነ። አንዱን ቃል ምን ላድርግበት ብትለን ተዪው አልናት። ሁለተኛውም አልቋል። ሦስተኛው መልስ ይህን በምንጽፍበት ማታ ገና 71 ቃል ላይ ነው፤ እኛም እጃችንን ሰብስበን ተቀምጠናል።