እንቅልፋችን ይከበር!

የሰፈራችን ነዋሪዎች!

አውሮፕላን አይነሣ፣ አይረፍ አላልንም። ነገር ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሬት ላይ ቆሞ ሞተሩ ሲጮህ የሚፈተሸው የትኛውን መንገደኛ ያደርሳል?

«ሥራ ነው፤ ቻሉት» ይሉናል። ፍራንክፈርትም ሥራ አለ! እዚያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ ተከልክሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊቱ የአውሮፕላን ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። ታዲያ የኛ ሕፃንና የኛ በሽተኛ ጆሮው ብረት ነው ወይ?

የሞተር ፍተሻው ወደ ቀን ይዛወር! ካልሆነም ድምፅ በሚከልል ግድግዳ ውስጥ ይደረግ!

አቤቱታው በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ተዘጋጅቷል። ሳንፈርም እንዳንቀር።

የነዋሪዎች ማኅበር