ለታዳጊ ተጫዋች ስንት ጨዋታ፣ ስንት ዕረፍት?

አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ለጥየቃ ሲመጣ በላፕቶፑ የሚጫወተውን የቤዝቦል ጨዋታ አሳይቶኝ ነበር። በዚህ ጨዋታ እርሱ ኳስ አይወረውርም፣ አይመታም፤ እንደ አሠልጣኝ ሆኖ ማን እንደሚሰለፍና ማን እንደሚያርፍ ይወስናል። ተስፋ የጣለበት አንድ የ19 ዓመት ኳስ ወርዋሪ ነበረው። ‹‹ዛሬ ላሰልፈው ወይስ ላሳርፈው?›› እያለ ሲጨነቅ ሳየው ፈገግ አልኩ። ካላሰለፈው ወጣቱ ልምድ አያገኝም፤ ሳያሳርፍ ደጋግሞ ካሰለፈው ደግሞ ድካሙ ተጠራቅሞ ይጎዳል። ጥሩነቱ፣ ድካሙ ስክሪኑ ላይ በግልጽ ይታያል።

እኔ በሥራዬ የማያቸው ታዳጊዎች እንዲህ ያለ ምልክት የላቸውም። ወላጅ ይዟቸው የሚመጣው ማነከስ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ልጅ በሚያድግበት ዕድሜ በአጥንቶቹ ጫፍ አካባቢ ገና ወደ ጠንካራ አጥንት ያልተለወጠ ለስላሳ ክፍል አለ። አጥንት የሚረዝመው በዚህ በኩል ነው። ጡንቻና ጅማት ደጋግመው ሲጎትቱት ቀድሞ የሚጎዳውም ይኸው ክፍል ነው። ቤዝቦል በሚወረውሩ ልጆች ክርንና ትከሻን፣ ሲሮጡና ኳስ ሲመቱ በሚውሉት ደግሞ ተረከዝንና ከጉልበት ዝቅ ብሎ ያለውን አጥንት ያሳምማል። ልምምድ ሰውነትን ያጠነክራል፤ ይህ አያከራክርም። ጥንካሬው የሚገነባው ግን ከልምምዱ በኋላ ባለው ዕረፍትና እንቅልፍ ነው።

አሜሪካውያን ይህን በቤዝቦል ዋጋ ከፍለው ተምረውታል። የክርን ጅማቱ የተበጠሰ ወርዋሪ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ጅማት ተወስዶ የሚተካበት ቀዶ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዛሬ ይህ ሕክምና በትምህርት ቤት ዕድሜ ላሉ ልጆች ሳይቀር ይሠራል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2014 የአገሪቱ ዋና የቤዝቦል ሊግ ለልጆች የውርወራ ቁጥር መመሪያ አወጣ። ከ11 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ85 ጊዜ በላይ እንዳይወረውር፣ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ ደግሞ አራት ቀን እንዲያርፍ ይመክራል። በዓመት ቢያንስ አራት ወር ምንም እንዳይወረውርም ያሳስባል።

የዋሽንግተኑ ክለብ ወርዋሪ ስቴፈን ስትራስበርግ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2012 ክለቡ ለዋንጫ እየተፎካከረ ሳለ ክንዱ እንዳይጎዳ ብሎ መስከረም ላይ አሳረፈው። ቡድኑ ያለ እርሱ ተሸንፎ ወጣ፤ ደጋፊውም አጉረመረመ። ከሰባት ዓመት በኋላ ክለቡ የአገሪቱን ዋንጫ ሲያነሳ የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው እርሱ ነበር። ይሁንና ከዚያ በኋላ ጉዳት ተደራርቦበት ብዙም ሳይሰለፍ በ2024 ጨዋታ አቆመ። ዕረፍት ዋስትና አይደለም። እኔ በክለቡ ሐኪም ቦታ ብሆን ግን ያኔ የተወሰነውን እወስን ነበር።

ወደ እኛ ልጆች ልመለስ። እዚህ የሚያስቸግረን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ አሠልጣኝ ስግብግብነት አይደለም። ልጁ ጠዋት ለታዳጊ ፕሮጀክቱ ይሠራል፤ ቀን ለትምህርት ቤቱ ውድድር ይሰለፋል፤ ማታ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚያውቀው የራሱን ሰዓት ብቻ ነው። ድምሩን የሚያውቅ የለም። የቤዝቦሉ መመሪያም በተግባር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ለሁለት ቡድን የሚጫወት ልጅ ውርወራው በሁለት ደብተር ይመዘገባል። ስለዚህ ድምሩን መያዝ የእርስዎ የወላጅ ሥራ ነው። የልጅዎን የሳምንት ልምምድና ጨዋታ ሰዓት በወረቀት ላይ ይደምሩ። የሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩት ድምሩ ከዕድሜው ቁጥር እንዳይበልጥ ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ከሆነ ከ13 ሰዓት በላይ አይሁን። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት፣ ሙሉ ዕረፍት ይስጡት። ለሁለቱም አሠልጣኞች ቁጥሩን ይንገሯቸው፤ ብዙዎቹ ሲሰሙ ይደነግጣሉ እንጂ አይቆጡም።

ከዚህ ተነሥተው ልጁን ጭራሽ ከሜዳ እንዳያስቀሩት። ወር ሙሉ ተቀምጦ ድንገት ወደ ሙሉ ጨዋታ የተመለሰ ልጅ ከሌላው በባሰ ይጎዳል። ከዕረፍት ሲመለስ ቀስ በቀስ ይጨምር። እኔም የማልወደው ‹‹ይረፍ›› ብቻ ብሎ ወረቀት መስጠትን ነው፤ ለስንት ቀን፣ ከዚያስ በምን ይጀምር የሚለው ካልተነገረው ልጁ በሦስተኛው ቀን ሜዳ ላይ ነው።

እንቅልፍን አይዘንጉ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ማታ በስልክና በኮምፒውተር ጨዋታ የሚያመሽ ልጅ ይህን አያገኝም። የአጎቴ ልጅም ያን ወርዋሪውን አራት ቀን አሳርፎ እርሱ ራሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ነበር። ስነግረው ሳቀብኝ፤ ላፕቶፑን ግን አልዘጋም።

ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ካነከሰ፣ መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ወይም ከሁለት ሳምንት ዕረፍት በኋላ ካልቀነሰ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። እስከዚያ ድረስ የታመመውን ቦታ ወጌሻ አጥብቆ እንዳያሸው ያድርጉ። ማስታገሻ ውጦ መጫወትንም ይከልክሉት፤ ክኒኑ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አጥንቱን አያሳርፍም።