ስለ ሠርግ አዝማሪና ስለ ዋጋው

ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ በገፈርሳ ውሃ አጠገብ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ተራራ ወዲያ በጎጃም መንገድ ነው። በ2015 ዓመተ ምሕረት ከሌሎች ከተሞች ጋራ አንድ ሆነው ሸገር ከተማ ተብለዋል። በእነዚህ ስፍራዎች ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፥ ደግሞም ከፋሲካ በኋላ ነው። ብዙ ሰው በጾም ወራት አይድርምና። ስለዚህ የዓመቱ ሠርግ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጨናነቃል፤ በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ድንኳን ተተክሎ የሚታይበት እሑድ አለ።

ዘፋኝ ፈላጊው ብዙ፥ ቀኑ ግን ጥቂት ስለ ሆነ ዋጋው ይወደዳል። ለአንድ ቀን ከሁለት ቤት ቀብድ ተቀብሎ አንደኛውን ደጋሽ በእንግዶቹ ፊት የሚያሳፍር ዘፋኝ አይጠፋም። ይህ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ነገር ግን በደሉ ሁሉ የዘፋኝ አይደለም፤ የሚበልጠው በጠሪው ዘንድ ይገኛል።

ቀድሞ የሠርግ ዘፋኝ ማለት አዝማሪ ነበረ። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ድግስ ወዳለበት ይሄዳል። ልጆች መሰንቆን ቀርበው ቢያዩት ይደነቃሉ፤ ክሩ አንድ ብቻ ነውና። እርሱም የፈረስ ጭራ ነው፤ ደጋኑም በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው፤ ሣጥኑ አራት ማዕዘን ሆኖ በቁርበት ይለበጣል። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ሲኖረው በገና ዐሥር አለው፤ በገና ግን የጸሎትና የጾም ዕቃ ነውና ለጭፈራ የሚጠራው የለም። አዝማሪው በዚያ በአንድ ክር የሙሽራውን ስም፥ የአባቱንና የአገሩን ስም እየጠራ ያዜማል። ከእንግዶቹም አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ወዲያው ተቀብሎ ዜማ ያለብሰዋል። ይህን ለማድረግ ፈጣን አእምሮ ያስፈልጋል።

የአዝማሪ ቃል ኃይል ነበረው። ጣልያን በ1928 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባን ያዘ፤ በ1929 ዓመተ ምሕረት የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ከዚህ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና ዘዋሪ አዝማሪዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ፤ የጣልያን ግዛት ይወድቃል እያሉ በሕዝቡ መካከል ያወራሉ ብሎ ነው። ጠመንጃ ያልያዘ፥ አንድ ክር ብቻ የያዘ ሰው ለጦር አለቃ አስፈሪ ሆነ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሳለ፥ አገሩ አዝማሪን ይወደው ነበረ እንጂ አያከብረውም ነበረ። «አዝማሪ» ማለት ስድብ ሆኖ ቆየ። በዘፈኑ ሲስቅ ያመሸ ሰው ልጁን ለአዝማሪ ልጅ መዳር ያፍራል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓመተ ምሕረት ግድም ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ዘፈን ከሹመት አላገዳቸውም። የሠርጉ ዘፋኝ ግን እንደ ለማኝ መታየቱ አልቀረም፤ የዛሬውም የዋጋ ክርክር ከዚህ ንቀት የመጣ ይመስላል።

ዛሬ ብዙ ሰው ኪቦርድ፥ ጊታርና ድምፅ ማጉያ ያለው ባንድ ወይም ዲጄ ይጠራል። አንድ የሱሉልታ ሰው ሴት ልጁን ይድራል እንበል። ሰውዬው ወተት ሸጦ የሚኖር ነው። ጎረቤቱ ባንድ ጠርቶ ነበርና ከእርሱ ማነስን አልወደደም፤ ከላሞቹ ሁለቱን ሸጦ ቀብድ ከፈለ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን የቀረውን ተጠየቀ። እርሱም «እንግዶቹ ግንባራችሁ ላይ ብር ሲለጥፉላችሁ አምሽተው የለም ወይ?» ብሎ ተከራከረ። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ግን ሐሰት ነው። ሽልማት የእንግዳው ፈቃድ ነው፤ ዋጋ የደጋሹ ዕዳ ነው። ደግሞም ብሩ የሚለጠፈው ከፊት ለሚቆመው ዘፋኝ ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ከበሮ ሲመታ ያመሸው ግንባሩ ባዶ ነው። ዋጋው፥ ሰዓቱ፥ መብራት ቢጠፋም ጄኔሬተሩን የሚያመጣው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢቀመጥ ኖሮ ሁለቱም በሰላም በተለያዩ ነበር። የላሞቹ ነገር ግን በውል የሚድን አይደለም። ድንኳኑ በማግስቱ ይነሣል፤ በረቱ ደግሞ ለብዙ ወራት ጎድሎ ይኖራል። ሁለት ላም የሚያሸጥ ዘፈን ከቶ መጠራት አልነበረበትም።

ድምፅ ማጉያውም ሌላ ጣጣ አለው። በአጠገብ ሐዘን የተቀመጠ ቤት ሲኖር፥ ጨዋ ሰው አስቀድሞ ሄዶ ሐዘንተኛውን ያስፈቅዳል፥ ከበሮውንም ዝግ ያደርጋል። የእጅ ከበሮ ዝግ ይላል፤ ማጉያው ግን የሚያዝበት ሰው ካልነገረው በቀር ግድግዳ አልፎ ለቅሶ ቤት ይገባል። የጎረቤት ሴቶችም በኦሮምኛና በአማርኛ የሚያውቁትን የሙሽራ ዘፈን ይዘው መጥተው፥ ድምፃቸው ስለማይሰማ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እነርሱ ሙሽራይቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል፤ ባንዱ ስሟን የሚያነበው ከወረቀት ነው።

አንዳንድ ሌሊት በድግሱ መካከል መብራት ይጠፋል። ኪቦርዱ ዝም ይላል፥ ማጉያውም ዝም ይላል፤ የባንዱ ሰዎች ገመድ ሲፈልጉ በጨለማ ይጋጫሉ። ያን ጊዜ አንዲት እናት ከጓዳ ከበሮውን ታመጣለች፥ ሌላይቱ ሻማ ታበራለች፥ እልልታውም ከድንኳኑ ጥግ ይጀምራል።