የመንገድ መዋጮና የጥቅሙ ባለቤት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ከሳሪስ ዋና ጎዳና ወደ ውስጥ በሚታጠፉት መንገዶች ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ፥ ድንጋይ ሲነጠፍ፥ ቦይ ሲቆፈር ወይም መብራት ሲተከል ድርሻውን እንዲያዋጣ መጠየቁ እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋዴውም ከጭቃና ከአቧራ መገላገልን ስለሚወድ አብዛኛውን ጊዜ ሳያጉረመርም ይከፍላል። ዳሩ ግን ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፥ ከሥራው ከሚገኘው ጥቅም ለመንገዱ ባለሱቆች ብቻ የሚደርሰው ስንት ነው? ለከተማው ሕዝብ ሁሉ የሚደርሰውስ ስንት ነው? የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ልዩ ጥቅም፥ ሁለተኛው ጠቅላላ ጥቅም ይባላል። በክረምት ጎርፍ ወደ መጋዘን መግባቱን ሲተው፥ የጭነት መኪና እስከ ደጃፍ ደርሶ ዕቃ ሲያራግፍ፥ ይህ ልዩ ጥቅም ነው። ነጋዴዎች በኅብረት የሚቀጥሩት የሌሊት ዘበኛም ከዚሁ ወገን ነው፤ ስለዚህም ደመወዙን ራሳቸው መክፈላቸው ማንንም አያስቈጣም። የሳሪስ ዋና ጎዳና ነገር ግን ሌላ ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተነሥቶ በቃሊቲ በኩል ወደ መሐል ከተማ የሚገባ ዕቃ ያልፍበታል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ተሳፋሪውን ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ በዚሁ መሥመር ያመላልሳል። በዚያ ጎዳና ላይ የተተከለው መብራት ለባለሱቁም ለአላፊውም ያበራል፤ የአላፊውን ድርሻ ግን ባለሱቁ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

ለጠቅላላው ጥቅም ጠቅላላ ግብር አለ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 80 የተደነገገው፥ ሕዝቡ የጣሪያና ግድግዳ የሚለው የከተማ ቤት ግብር ለዚህ ዓይነት የከተማ ወጪ ገቢ ሆኖ ቆይቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ባለንብረቱ በዚህ መንገድ የከተማውን ወጪ ከተጋራ በኋላ፥ በደጃፉ የሚያልፈው መንገድ ሲሠራ ሙሉ ወጪውን ከጎረቤቶቹ ጋር ተከፋፍሎ እንዲችል ቢጠየቅ፥ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን በጊዜ ብዛት ተምረውታል። በካናዳ የቶሮንቶ ከተማ፥ በብሎር ዌስት ቪሌጅ የነበሩ ባለሱቆች ገበያቸው በመሬት ውስጥ ባቡርና በአዳዲስ የገበያ ሕንፃዎች ምክንያት ቢቀዘቅዝባቸው፥ እ.ኤ.አ. በ1970 በገዛ ፈቃዳቸው መዋጮ የሚሰበሰብበት የተከለለ የንግድ ወረዳ አቋቋሙ። ሐሳቡ ወደ ብዙ አገር ተዛመተ፤ አላግባብ ማስከፈልም አብሮት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1996 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው ሕግ ግን፥ ልዩው ጥቅም ከጠቅላላው ሳይለይ በንብረት ላይ እንዲህ ያለ ክፍያ መጣል ተከለከለ፤ የማስረዳቱም ሸክም በአስከፋዩ አስተዳደር ላይ ወደቀ። በሳንዲያጎ ከተማ ጎልደን ሂል በተባለው ሰፈር የተጣለው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2011 በይግባኝ ፍርድ ቤት ሲሻር፥ አንዱ ምክንያት የመሐንዲሱ ዘገባ ሁለቱን ጥቅሞች አለመለየቱ ነበር።

የሒሳቡ ነገር ነጋዴን የሚያስፈራ አይደለም። አንድ የውስጥ መንገድ 1,000,000 ብር ይፈጃል እንበል። በመንገዱ ከሚመላለሰው 100 ሰውና ተሽከርካሪ 60ው አቋርጦ የሚያልፍ ቢሆን፥ 600,000 ብር የከተማው ነው፤ የባለንብረቶቹ ቀሪው 400,000 ነው። በሁለቱም ወገን ያሉት ቤቶች ፊት ተደምሮ 400 ሜትር ቢሆን፥ ለአንድ ሜትር 1,000 ብር ይደርሳል፤ የ5 ሜትር ሱቅ 5,000 ብር ይከፍላል። ልዩነት ሳይደረግ ቢከፈል ኖሮ የዚያው ሱቅ ዕዳ 12,500 ብር በሆነ ነበር። ለትንሽ ባለሱቅ ይህ ልዩነት ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ ነው።

በሜትር መለካቱም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ሲሚንቶ በጅምላ የሚሸጠውና ልብስ የሚሰፋው ጎን ለጎን ቢኖሩ፥ ከጠንካራው መንገድ ይበልጥ የሚጠቀመው ከባድ መኪና የሚያስመጣው ነውና፥ ድርሻው ከፍ ቢል ፍትሕ ነው። በሽያጭ መጠን ማከፋፈል ግን ከዚህ ይለያል፤ መዋጮውን ሌላ የገቢ ግብር ያደርገዋልና።

መለካት ሥራ ያዘገያል፥ ከተማውም ድርሻውን የሚከፍልበት ገንዘብ ባይኖረው ሰፈሩ በጭቃ ይቀራል የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ስጋት እውነትነት አለው። ነጋዴዎች ከድርሻቸው በላይ ሰጥተው መንገዳቸውን ቢያሠሩ የሚከለክላቸው የለም፤ ነገር ግን ትርፉ ስጦታ መሆኑ ታውቆ፥ በጽሑፍ ሰፍሮ፥ ለሚቀጥለው ሥራ ሊታሰብላቸው ይገባል። መለካቱ ግን ጥቂት ሰዎች አንድ ሳምንት በመንገዱ ራስ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ከመቍጠር አያልፍም፤ የኮሪደር ልማቱን ያህል ሥራ ለሚያካሂድ ከተማ ይህ ብዙ አይደለም። የንግድ ምክር ቤትም አባሎቹ መዋጮ ሲጠየቁ ይህ ሒሳብ አስቀድሞ እንዲታያቸው ለአስተዳደሩ ማሳሰብ ይችላል።

የተከራዩ ነገር ከሁሉ ይልቅ ተዘንግቷል። በጀሞና በጎፋ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ከሚነግዱት ብዙዎቹ ሱቁ የራሳቸው አይደለም። መንገዱ ሲያምር የቤቱ ዋጋ ለባለቤቱ ይጨምራል፤ ተከራዩ ግን መዋጮውን ከፍሎ ሲያበቃ በዓመቱ ኪራይ ይጨመርበታል። ስለዚህ ዘላቂ ለሆነው ሥራ፥ ይኸውም ለንጣፉና ለቦዩ፥ ባለቤቱ ይክፈል፤ ለጽዳትና ለጥበቃ ተከራዩ ይክፈል። ተከራዩ በባለቤቱ ምትክ ከከፈለም፥ ገንዘቡ ከኪራዩ ላይ የሚቀነስ መሆኑ ውሉ ሲታደስ በግልጽ ይጻፍ።