በፍሬ የሚሸጥ ሲጋራ
በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ሲጋራ በፍሬ እንዳይሸጥ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሰጥ፣ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ጨርሶ እንዳይሸጡ ደንግጓል። ሕጉስ ጠንካራ ነው፤ የላላው ቁጥጥሩ ነው። ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ሊዝናና የሚሄድ ጎረምሳ ከሱቅ በደረቴ አንድ ፍሬ ገዝቶ፣ እዚያው በሻጩ ላይተር ለኩሶ ሲያልፍ የፓኬቱን 70 በመቶ የሚሸፍነውን አስፈሪ ሥዕል አያየውም። ዕድሜውን የሚጠይቀውም የለም። የሐይቅ ከተማና የአምባሰል ወረዳ ተቆጣጣሪዎች ፖስተር ከመለጠፋቸው በፊት ይህችን አንዲት ፍሬ ቢከታተሉ ይሻላል። ማጨስ ለማቆም የቆረጠውም ከዚህ ቁጥጥር ይጠቀማል፦ የኒኮቲን አምሮት ክፉኛ የሚፈታተነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ፍሬዋ ደግሞ በየመንገዱ ዳር ትጠብቀዋለች። ያንን አልፎ ዓመት ከዘለቀ፣ ለልብ ሕመም ያለው ተጋላጭነት ማጨሱን ከቀጠለ ሰው ወደ ግማሽ ይወርዳል።