«ጋዙ አልቋል» ከማለታችን በፊት

እንደሚታወቀው በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጋምቤላና በመሳሰሉት ሞቃት ከተሞች የአየር ማቀዝቀዣ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በመሣሪያው ጠምዛዛ ቱቦዎች ላይ በረዶ ተጋግሮ ሲያዩ «እንዴት ያቀዘቅዛል!» ብለው የሚደሰቱ ሰዎች አሉ። በእኛ እምነት ግን በረዶው የብርታት ሳይሆን የሕመም ምልክት ነው።

ለመሆኑ በረዶው ከየት ይመጣል? በቱቦው ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በዝቅተኛ ግፊት እየፈላ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከክፍሉ አየር ሙቀት ይወስዳል። መሣሪያው ጤናማ ከሆነ የቱቦው የሙቀት መጠን ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚሆን የአየሩ እርጥበት ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል እንጂ አይረጋም። ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን ግን ለቱቦው ሙቀት የሚያደርስ በቂ አየር አያልፍም፤ ቱቦውም ከ0 በታች ይቀዘቅዛል። ጋዙ ሲጎድልም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፣ በቱቦው ውስጥ ግፊቱ ሲቀንስ ፈሳሹ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። የረጋው በረዶ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ ከ100 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው፤ የአየሩንም መተላለፊያ ይዘጋል። በመሆኑም መሣሪያው መብራት እየበላ ክፍሉ ይሞቃል፤ ሳይተን የቀረው ፈሳሽም ኮምፕሬሰሩን ሊሰብረው ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበን የጥገናው ልማድ ነው። «ጋዙ አልቋል» ተብሎ ይሞላል፤ በዓመቱ ደግሞ እንደገና ይሞላል። ይሁን እንጂ ይህ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። በዝግ ቱቦ ውስጥ የሚመላለስ ነውና ከጎደለ ሾልኮ ወጥቷል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ጉዳቱም በኪስ ላይ ብቻ አይቆምም። በብዙ አሮጌ መሣሪያዎች የሚገኘው አር-22 የኦዞንን ሽፋን ይጎዳል፤ በ100 ዓመት ስሌትም ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,700 እጥፍ በላይ ነው። እርሱን የተካው አር-410ኤ ኦዞንን ባይጎዳም በማሞቅ ረገድ አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮልና በ2016 የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ የወጡ ናቸው። ስምምነቶቹ በወረቀት ላይ እንዳይቀሩ የሚያደርገው ግን መፍቻ የያዘው ባለሙያ ነው።

ስለዚህ አንባቢያን በረዶ ሲያዩ መሣሪያውን አጥፍተው በራሱ እንዲቀልጥ ይተዉት፤ በስለት አይፋቁት። ማጣሪያውን ይጠቡ። በረዶው ከተመለሰ ባለሙያ ጠርተው፣ የጋዙን ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት «ቀዳዳው የት ነው?» ይበሉ። የሙያ ማሠልጠኛዎቻችንም ከመሙላት በፊት ፍተሻን ያስቀድሙ እንላለን፤ የሳሙና አረፋ እንኳ ብዙ ቀዳዳ ያሳያልና።