ከቅባቱ በፊት

እስከ ዛሬ ያቀረብኩላችሁ ግጥሞች ስለ ክረምት፣ ስለ ናፍቆት፣ አንዳንዴም (ይቅር በሉኝና) ስለ ወር መጨረሻ ኪስ ነበሩ። ዛሬ ስለ ፀጉር ልጽፍ ነው። ለገጣሚ ይህ አዲስ ርእስ አይደለም፤ ሐር ነው፣ ሌሊት ነው፣ ዘንፋላ ነው እያለ ያላወደሰ ባለቅኔ የለም። እኔ የምጽፈው ግን በማበጠሪያ ጥርስ ላይ ስለሚቀረው፣ ጠዋት ትራስ ላይ ስለሚገኘው፣ ገላ ስንታጠብ የውኃ መውረጃውን ስለሚዘጋው ፀጉር ነው። ለእሱ የገጠመለት ሰው አላየሁም።

ነገሩ የጀመረኝ በ2010 ዓ.ም. ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ በባንክ መስኮት ከተቀመጥኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ከመስኮታችን በላይ ኃይለኛ መብራት አለ። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ብር ስቆጥር ከመስታወቱ ወዲያ የቆሙ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ምን አገኘሽ? አናትሽ እኮ ሳስቷል» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ድምፃቸው የእናት ድምፅ ነበር። ከኋላቸው ግን ስድስት ሰው ተሰልፎ ይሰማል። ቆጠራው ጠፋኝና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። በማግሥቱ ሻሽ አስሬ ሥራ ገባሁ፤ ያም ሻሽ አራት ዓመት ከራሴ አልወረደም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እናቴ ለጋ ቅቤ ቀባችኝ። አክስቴ የጉሎ ዘይት ላከች። የሥራ ባልደረባዬ ጥቁር አዝሙድ ጨምቃ አመጣች። ሬት ተላጠ፣ አብሽ ተዘፈዘፈ፣ የጥብስ ቅጠል ተቀቀለ። የቀይ ሽንኩርት ጭማቂም ሞክሬአለሁ፤ የዚያን ሰሞን ከእኔ መስኮት ይልቅ የጎረቤቴ መስኮት ሰልፍ የረዘመበትን ምክንያት ለእናንተ እተወዋለሁ። በመጨረሻም «ከሃያ አንድ ዕፅዋት የተቀመመ፣ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የሌለው» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ ገዛሁ። ከሃያ አንዱ የአንዱ ስም እንኳ አልተጻፈበትም። ወጪዬን የመመዝገብ ልማድ አለኝና ደምሬው ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ ለጠርሙስ ያወጣሁት ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጣል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ለማንም ያልተናገርኳቸው ነገሮች ነበሩ። የወር አበባዬ በሦስት፣ አንዳንዴም በአራት ወር ነበር የሚመጣው። በአገጬ ላይ ጠንካራ ፀጉር እየበቀለ ጠዋት ጠዋት በመንቀያ እነቅል ነበር። አንገቴ ዙሪያ ቆዳዬ ጠቆረ፤ በደንብ ያልታጠብኩ እየመሰለኝ እስኪቀላ ፈተግሁት። እነዚህ ነገሮች ከአናቴ መሳሳት ጋር ዝምድና ይኖራቸዋል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ያማከረኝም ሁሉ ራሴን አይቶ ቅባት አዘዘልኝ እንጂ የጠየቀኝ አልነበረም። አንድ የሕክምና ቤት ሄጄም «ጭንቀት ነው፣ ዕረፊ» ተብዬ ተመልሻለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ያገኘኋት ሐኪም ግን ሻሼን እንድፈታ እንኳ ሳትጠይቀኝ፣ «የወር አበባሽ መቼ መጣ?» አለችኝ። ያን ጥያቄ ስሰማ ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም። ደሜ ተመረመረ፦ የሆርሞኖቹ መጠን፣ ታይሮይድ፣ የብረት ክምችት፣ ስኳር። እንቁልጢዎቼ በአልትራሳውንድ ታዩ። የስኳሬ መጠን ሕመም ከሚባልበት ወሰን አጠገብ ደርሷል። ለካስ የአንገቴ ጥቁረት እድፍ ሳይሆን ኢንሱሊን በደሜ ውስጥ መብዛቱን የሚናገር ምልክት ነበር። የሕመሙ ስም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል።

ስሙ ረጅም ይሁን እንጂ ሕመሙ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይን እና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች ስለ ሰባት ሴቶች ሲጽፉ ብርቅ መስሎ ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለመውለድ በሚያስችል ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገምታል፤ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት አያውቁትም። ከመቶ ሰባው! እኔም አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ቁጥር ውስጥ ተቀምጬ ቅቤ እቀባ ነበር።

አሠራሩን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሰውነት ለኢንሱሊን በሚገባ አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን እንቁልጢዎቹን ይነካካና «የወንድ» የሚባሉትን ሆርሞኖች ከልክ በላይ እንዲሠሩ ያደርጋል (እነዚህ ሆርሞኖች በማንኛዋም ሴት ገላ ውስጥ በመጠኑ አሉ)። ከእነርሱ አንዱ ቴስቶስቴሮን በፀጉር ሥር ባለ ኢንዛይም ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን ይለወጣል። ይህም በራስ ላይ ያለውን የፀጉር ሥር በየዙሩ ያቀጭጨዋል፤ ረጅሙ ፀጉር አጭር፣ ወፍራሙ ቀጭን፣ በመጨረሻም ላባ መሰል ሆኖ ይቀራል። በሴት ላይ ግንባሩ እንዳለ ሆኖ የሚሳሳው መሐል አናት ነው። ያው ሆርሞን ደግሞ አገጭ ላይ ሲደርስ ግብሩን ይለውጥና ላባ መሰሉን ፀጉር ያጠነክረዋል። ይህን በሰማሁ ማታ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ከአናቴ ላይ ወጪ፣ በአገጬ ላይ ገቢ፣
ምን ዓይነት መዝገብ ነው፣ ምን ዓይነት አስረካቢ?
ያልጠየቅሁት በዝቶ፣ የለመንኩት ጎድሎ፣
ማን ይፈርምበታል ሒሳቡ ልክ ነው ብሎ?

ሆርሞንና ፀጉር መዛመዳቸው ትናንት የታወቀ ነገር አይደለም። ጃንደረባ ራሰ በራ እንደማይሆን የጥንቶቹ ግሪኮች በሂፖክራጥስ ስም በሚታወቁት ጽሑፎች ውስጥ አስፍረውታል። ምክንያቱን ግን ሐሚልተን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1942 እስኪያሳይ ድረስ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ አልሆኑም፤ ቴስቶስቴሮን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ራሰ በራነት ያለባቸው ፀጉራቸው ሸሸ።

እንግዲህ ወደ ክርክሬ ልግባ። ይህን የሚያነብ ሰው «የባህል ቅባት ሁሉ የአሮጊት ወሬ ነው ልትል ነው» ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። አልልም። ከዕፅዋቱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ሳይጠይቁ ከመቀባት ጋር ነው።

ስለ ዕፅዋቱ የተደረጉትን ምርምሮች ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ አንብቤአለሁ። የሽንኩርት ጭማቂ እ.ኤ.አ. በ2002 በባግዳድ በ38 ሰዎች ላይ ተሞክሯል። ሽንኩርት ከተቀቡት 23 ሰዎች መካከል በስድስት ሳምንት ውስጥ ፀጉራቸው የበቀለላቸው 20 ነበሩ፤ ተራ ውኃ ከተቀቡት 15 ግን ሁለት ብቻ። ደስ ይላል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የታመሙት ላሽ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን የፀጉር ሥር ሲወጋ ፀጉሩ በክብ በክቡ የሚረግፍበት ሕመም። የእኔ ሌላ ነው። ባልደረባዬ «ሽንኩርት ተመስክሮለታል» ስትለኝ አልዋሸችም፤ ምስክርነቱ በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ መሆኑን ግን አላወቀችም።

የጥብስ ቅጠልስ? እ.ኤ.አ. በ2015 በኢራን ዘይቱ ሁለት በመቶ ሚኖክሲዲል ከሚባለው መድኃኒት ጋር ተወዳድሮ ነበር። 100 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ስድስት ወር ተቀቡ፤ በሦስተኛው ወር ለውጥ አልታየም፣ በስድስተኛው በሁለቱም ወገን ፀጉር ጨመረ። የዘይት ነጋዴዎች ይህን ውጤት እንደ ባንዲራ ያውለበልቡታል። የማይነግሩን ሁለት ነገር አለ፤ ሰዎቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ምንም ያልተቀባ ወገን ደግሞ ለማነጻጸሪያ አልቀረበም። ናናም በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2010 የእኔው ሕመም ባለባቸው 42 ሴቶች ላይ ተፈትኗል። ለ30 ቀን በቀን ሁለት ጊዜ ሻዩን ጠጡ፤ የወንድ ሆርሞናቸው ቀነሰ፣ በፊታቸው ላይ ያለው ፀጉር ሲለካ ግን አልቀነሰም። አንድ ወር ለፀጉር በቂ ጊዜ አይደለም፤ ፀጉር ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር ነውና። ለምን ዓመት አልጠበቁም? ለምን ሌሎች አልደገሙትም? እዚህ ላይ ቅሬታዬ ወደ ቤተ ሙከራው ይዞራል። በየቤቱ ድስት ላይ ያለ ቅጠል በመቶ ሰውና በአርባ ሰው ከተፈተነ በኋላ ይተዋል፤ ክፍተቱን ባለ ጠርሙሱ ይገባበታል።

ቅባቶቹ ስም ያገኙበት ሌላም መንገድ አለ። አንዲት አራስ ከወለደች ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ፀጉሯ በእፍኝ ይረግፋል። ከኃይለኛ ትኩሳት በኋላም እንዲሁ ነው። ይህ ዓይነቱ መርገፍ በአብዛኛው በወራት ውስጥ ራሱ ይቆማል፣ ፀጉሩም ይመለሳል። በመሐል ግን ጎረቤት ዘይት ይዛ መጥታለች። የፀጉሩ መመለስ በዘይቱ ስም ይመዘገባል። የአንዱን ደንበኛ ገቢ በሌላው ሒሳብ የሚያስገባ ሠራተኛ እኛ ዘንድ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ ጠርሙሱ ግን ይሸለማል።

የባህልን ዕውቀት ማክበር ምን እንደሚመስል ያሳየን የራሳችን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ነው። «የሴቶች ወሬ» ብለው አላለፉትም፤ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ይሠራል» ብለውም በጠርሙስ አልሸጡትም። ወስደው ፈተኑት፣ መጠኑን ለኩ፣ ዓመታት ደከሙበት፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ለእንዶድ ክብር የሰጠው ያ ፈተና ነው። ጥቁር አዝሙዳችንና ጉሏችን ያንን ያህል የሚደክምላቸው ሰው ቢያገኙ እመኛለሁ፤ ውጤቱ «አይሠራም» ቢሆን እንኳ።

ስለ ራሴ መድኃኒት ብዙ አልልም፤ የአንዷ መድኃኒት ለሌላዋ ላይሆን ይችላል፣ ለዚህ ሕመም ከሚታዘዙት መካከል ለነፍሰ ጡር የተከለከሉም አሉ። ስኳር ቀነስኩ፣ ከቢሮ በእግሬ መመለስ ጀመርኩ፣ የታዘዘልኝን ክኒን ዋጥኩ፣ ሚኖክሲዲልም እቀባለሁ። እሱም ቢሆን ተአምር አይደለም፤ በመጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፣ የዋጡት ሰዎች ጠጕራም ሲሆኑ ነው ለፀጉር የታሰበው፣ ካቆሙትም ያበቀለው ይረግፋል። የወር አበባዬ ተስተካክሏል። ስኳሬ ከወሰኑ ርቋል። ፀጉሬ ግማሽ ያህሉ ተመልሷል፤ ግማሹ የሚመለስ አይመስለኝም። አራቱን ዓመት የሚመልስልኝም የለም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ያለፈው እሑድ ነው። እናቴ ቤት ስደርስ ጓዳው በጥብስ ቅጠል ሽታ ታውዷል፤ ድስቱ እሳት ላይ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ታናሽ እህቴ ፀጉሯን ፈትታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መሐል አናቷን አየሁት፤ የራሴን አናት ከላይ የማየት ያህል ነበር።

«የወር አበባሽስ?» አልኳት።

ወደ እናታችን አየች። እናቴም እሳቱን ቀነሰችና ጀርባዋን እንደ ሰጠችን ቆየች። ከዚያ፣ «እኔም በልጅነቴ እንደዚያው ነበርኩ» አለች። «አንቺን ለመውለድ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ለምን ይመስልሻል? ጠበሉን ሁሉ ዞሬአለሁ።» ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ዛሬ የስኳር ሕመምተኛ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴን ይዤ ወደ ምርመራ እሄዳለሁ። እናቴ የተቀቀለውን አጥልላ በጠርሙስ አስቀምጣዋለች፤ «ደሟን ከሰጠች በኋላ ትታጠብበታለች» ብላለች፤ እኔም አልተቃወምኳትም። እህቴ ትናንት ማታ ደውላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በባዶ ሆዷ መሄድ እንዳለባትና እንደሌለባት።